የአለቃ ጥቁር ኮት

ሰውየውን በየመንገዱ «አለቃ» ይሉታል። በየእሁዱ በሚታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ የአጭበርባሪዎች ቡድን መሪ ሆኖ ይተውናል፤ ስግብግብ ሀብታም እየመረጡ የሚያታልሉ፣ ተመልካቹም «እሰይ፣ እጃቸው ይባረክ!» የሚላቸው አጭበርባሪዎች። ዝናው ጣጣም አለው። ባለሱቋ ዳቦ ስትሸጥለት በፈገግታ ትቀበለዋለች፤ ዓይኗን ግን ከእጁ አትነቅልም።

ከዚያ በፊት ዕድሜውን ሙሉ ሲሰጡት የኖሩት ሚና ወይ ዘበኛ ወይ ሬሳ ነበር። ያን ጊዜ ታዲያ እናቱ ምሕረት አልነበራትም። እሱ በድን ሆኖ ሲጋደም፣ ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ «ተነፈሰ! ሆዱ ተንቀሳቀሰ!» እያለች ሳቋን ትለቀው ነበር። ዋና ተዋናይ ከሆነ ወዲህ ግን እንከን አውጥታለት አታውቅም። ሁሌም «ጥቁሩ ኮት እንዴት አምሮብሃል!» ነው። ሞኙ ልጇም ጎበዝ ሆንኩ ብሎ ደረቱን ነፋ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ውዳሴውን ሊለቅም እናቱ ቤት መጣ።

«የትናንቱን አየሽው እማዬ?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው ካላየሁ! ያ ጥቁር ኮት እኮ...»

በትናንቱ ክፍል አለቃ እስር ቤት ነበር፤ ከአንገቱ እስከ እግሩ ቢጫ የእስረኛ ልብስ ለብሶ።

ጎረቤቷን ልብስ ሰፊዋን ሄዶ አፋጠጣት። ሴትዮዋ መቀሷን እያገላበጠች ተቅለሰለሰች። ለካ ድራማውን አብራት እያየች፣ ማን ምን እንደለበሰ ሹክ የምትላት እሷ ናት። ትናንት ጉንፋን ይዟት ቀርታለች።

በማግስቱ እናቱን እያባበለም እየጎተተም የዓይን ክሊኒክ ወሰዳት።

«ደህና ነኝ አልኩህ! ደግሞ ይሄ ክሊኒክ የእናንተ ይሆናል። ባለፈው በድራማው የውሸት ክሊኒክ ከፍታችሁ የለም?»

ወረፋዋ ደርሶ ከልጇ ጋር ስትገባ ሐኪሙን «እስቲ ጠጋ በል ልጄ» አለችና ጢሙን ሳብ አደረገችው። ጢሙ እውነተኛ ነበር፤ ጩኸቱም እንዲሁ።

ሐኪሙ የድራማው ወዳጅ ስለሆነ ይቅር አላት። ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች እንድታነብ ሲጠይቃት፣ እናት ሆዬ ከላይ እስከ ታች ሳትደነቃቀፍ ተወጣችው። አለቃ እፎይ ሊል ሲል ሐኪሙ የተጎዳ ጢሙን እያሻሸ ተናገረ።

«እማማ፣ ይሄ ከርስዎ በፊት የገባው ሰውዬ ያነበበው ነው። ከሱ በኋላ ሰሌዳውን ቀይሬዋለሁ።»

በሩ ስስ ነው፤ የእናትየዋ ጆሮ ደግሞ ስል።

«እማዬ!» አለ አለቃ። «እኔን? እኔን አታለልሽኝ?»

«ታዲያ ልጅ ለእናቷ ምጥ ታስተምር ኖሯል?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ብዙም አልዘለቀም። «ዘበኛ ስትሆን አየሁህ፣ ሬሳ ስትሆን አየሁህ። ዋና ሰው ስትሆን ጊዜ ዓይኔ ከዳኝ። ምን ብዬ ልንገርህ ልጄ? ቅስምህ ይሰበር?»

አለቃ ካሜራ ፊት አልቅስ ሲሉት ሽንኩርት ካልከተፉለት እንባ የማይወጣው ሰው ነው። እዚያ ግን ያለ ሽንኩርት አለቀሰ። ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል አለ። እናትየዋ በልጇ እንባ ተረታች፤ እሺ አለች።

ፋሻው በተነሳ በመጀመሪያው እሁድ ሶፋው ላይ ተደረደሩ። ልብስ ሰፊዋም እንደ ልማዷ መጣች፤ «ዛሬ አፍሽን ያዢ» ተባለች። በድራማው አለቃ ከፖሊስ ለማምለጥ የሞተ መስሎ፣ ጥቁር ኮቱን እንደለበሰ የሬሳ ሣጥን ውስጥ ተጋድሟል። ሙዚቃው ያሳዝናል፣ ባልደረቦቹ ይንሰቀሰቃሉ፣ ልብስ ሰፊዋም መሐረቧን አወጣች። እሱ ግን ቴሌቪዥኑን ትቶ የእናቱን ፊት ነው የሚያየው። አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ፈራ። አሁንም ባይታያትስ?

እናቱ ቀስ ብላ ወደ ፊት አዘነበለች።

«ተነፈሰ!» ብላ ጮኸች። «ያው! ሆዱ ተንቀሳቀሰ!»

«የቱ ጋ?» አላት።

«እዚያ ጋ ነዋ! ኮቱም አጥሮብሃል። ማን ነው አምሮብሃል ያለህ?»