ለኢሉ የወጣው ዕጣ

ለ«ዳገት» የብስክሌት እቁብ አባላት በሙሉ፦ ላለፉት አምስት ወራት በዕጣ ማውጫነት ሲያገለግል የቆየው የቅቤ ቆርቆሮ፣ ክዳኑ ከጁስ ቤቱ በድንገት በመሰወሩ፣ ከመጪው እሑድ ጀምሮ በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ የሚተካ መሆኑን እያስታወቅን፣ በክዳኑ መለየት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን።

ይህን በቴሌግራም ግሩፓችን የለጠፍኩት እኔ የእቁቡ ጸሐፊ ልዑልቃል ነኝ። ሰው ይስቃል ብዬ ነበር። ማንም አልሳቀም። ኋላ የድሮዎቹን መልእክቶች ወደ ላይ ሳንሸራትት ምክንያቱ ገባኝ፤ ከሦስት ወር በፊት ስለ ኢሉ የለጠፍኩትም «ጥልቅ ሐዘን» ይላል። ቃል በቃል።

ላፍቶ ኮንዶሚኒየም የተዋወቅን ስምንት ጓደኛሞች ነን። በየወሩ አራት አራት ሺህ ብር እናዋጣለን፤ ዕጣ የደረሰው በሠላሳ ሁለት ሺህው የመጀመሪያ ማውንቴን ብስክሌቱን ይገዛል። አሥራ አራት አንቀጽ ያለው ደንብ አለን። ክብ ማኅተም አለን። ብስክሌት መንዳት የሚችል ሰው ግን አንድ ብቻ ነበረን፣ እሱም ኢሉ። የሰው ብስክሌት እየተዋሰ ነው የለመደው። እቁቡም የእሱ ሐሳብ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ስምንት ሆነን የፉሪን ዳገት እንወጣለን እያለ አሳመነን።

ከሦስተኛው ዕጣ በኋላ፣ በጥቅምት፣ ጉበቱን ታመመና በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ደንባችን ለዚህም መልስ አለው። አንቀጽ ዘጠኝ «አባል በሞት ሲለይ ስሙ ከዕጣ ወጥቶ ያዋጣው ለቤተሰቡ ይመለሳል» ይላል። አንቀጹን ስጽፍ ኢሉ አጠገቤ ተቀምጦ «ማን ሊሞትብህ ነው፣ ሟርተኛ!» ብሎ ስቆብኛል። ድንኳኑ ከፈረሰ በሳምንቱ፣ ቁጥርና ቀን ያለው፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አዘጋጅቼ ወደ አባቱ ቤት ሄድኩ።

ጋሼ ዱጉማ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው። ኢሉን ያለ እናት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በሩን ከፍተው እንዳዩኝ፣ አፌን ሳልከፍት፣ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ከተቱ።

«የኢሉ ነው» አሉ። በላስቲክ የታሰረ አራት ሺህ ብር ነበር። «በለቅሶው ግርግር ቀኑን አሳለፍን። ቅጣት ካለው ንገረኝ።»

ቅጣት አለው። አንቀጽ አምስት።

«የለውም ጋሼ» አልኩ።

«ስሙን እንዳታወጡት ልጄ። ብስክሌቱን ሳይገዛ እንዳይቀር። አደራ።»

ደብዳቤውን በኪሴ ይዤ ተመለስኩ። ለገንዘብ ያዣችን ለዶርቃ ብቻ ነገርኳት። ዶርቃ ባንክ ቤት ነው የምትሠራው፤ አምስት ብር ከጎደለች እንቅልፍ አይወስዳትም። ደብዳቤውን አነበበች፣ አራት ቦታ ቀደደችው፣ መዝገቡን ከፍታ ከኢሉ ስም ፊት ለፊት «ተከፍሏል» ብላ ጻፈች። ሦስት ወር እንዲሁ ጻፈች።

እንግዲህ የሻይ ቅጠሉ ቆርቆሮ ሥራ የጀመረበት እሑድ ደረሰ። ጁስ ቤቱ ውስጥ የምናደርገው ስብሰባችን ሁልጊዜ ይዘገያል፤ አባላችን ሚሳኤል በብስራተ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አስቀድሶ በማለዳ ይመጣና ዶርቃ ከአምልኮ እስክትወጣ ድረስ ሦስት ብርጭቆ አቮካዶ ይጨርሳል። ዶርቃ እንደመጣች የቀሩትን ሦስት ቁራጭ ወረቀቶች ከቅቤው ወደ ሻይ ቅጠሉ ቆርቆሮ አንድ በአንድ አዛወረች። የኔ፣ የሚሳኤልና አንድ ሌላ። ማንም አንቀጽ ዘጠኝን አላነሳም። ነቀነቀች። አወጣች። አነበበችና ወረቀቱን መዝገቡ ላይ ደፋችው።

«ንገሪና!» አለ ሚሳኤል። «ጎማ በየወሩ እየጨመረ ነው እኮ!»

«ኢሉ» አለች።

ሚሳኤል ወረቀቱን ተቀብሎ አየው፤ የኢሉ የራሱ ጽሑፍ ነበር፣ ያ ወደ ቀኝ የሚያዘነብለው።

«ከሞተ ሰው ጋር ነበር የምንወዳደረው?»

«ከፋይ አባል ነው» አልኩ።

ሚሳኤል ብዙ ሊናገር አየር ሳበ። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈና ለዶርቃ መለሰላት። «ሁልጊዜም ይቀድመን ነበር፣ ይሄ ሰውዬ» ብሎ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

በማግስቱ እኔና ዶርቃ ጋሼ ዱጉማን ይዘን ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ወዳሉት ብስክሌት ሱቆች ወረድን። እቁቡን ስንጀምር በሠላሳ ሁለት ሺህ ብር ደህና ብስክሌት ተገዝቶ ለጓንት የሚሆን ይተርፍ ነበር። አሁን ዋጋውን የሚጠራው ሰው ራሱ እያፈረ ነው የሚጠራው። ቸኮል የሚባለው ባለሱቅ ግን አያፍርም።

«ፋዘር፣ ይሄን ይዩት! ከፊትም ከኋላም ንዝረት የሚውጥ ሞላ አለው፣ ሃያ አንድ ማርሽ። ዳገቱን እሱ ራሱ ነው የሚወጣው፣ እርስዎ ቁጭ ነው!» ቀይ ነው፣ ያበራል፣ መቶ ቦታ ተለጣፊ ተለጥፎበታል።

ጋሼ ዱጉማ ከፍ አድርገው አነሡት፣ መልሰው አስቀመጡት። «ከኋላ ሞላ ያለውን ርካሽ ብስክሌት እንዳትገዛ ብሎኛል። ይከብዳል። ጉልበትን ነው የሚበላው።»

«ማነው ያለው?»

«ልጄ።»

ዶርቃ የሱቁን ጣሪያ ማየት ጀመረች።

ጋሼ ዱጉማ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ሁለተኛው ጎንበስ አሉ። ብየዳው ላይ ጣታቸውን በቀስታ አስሄዱ፤ ዕድሜ ልካቸውን የካኒቴራ ትከሻ ስፌት ሲያዩ እንደኖሩት። «ስፌቱ ቀጥ አላለም። እዚህ ጋ ዘሏል።» ሦስተኛውንም እንዲሁ ጣሉት። ቸኮል ወደ እኔ ዞሮ «ፋዘርዬው ኢንጂነር ናቸው እንዴ?» አለኝ። ሱሪ ሰፊ ናቸው አልኩት።

ጥግ ላይ አንድ ግራጫ ነበር። ያገለገለ፣ ቀለሙ የተፋቀ፣ ሞላው ከፊት ብቻ፣ ባለ ዲስክ ፍሬን። ጣታቸው ብየዳው ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ አንድም ቦታ አልቆመም።

«ይሄ ጥሩ ሰው ሰፍቶታል» አሉ።

«እቃ ያውቃሉ! ግን ፋዘር፣ ይሄ ሁሉም ሰው ጋ አይሄድም፤ ቁመት ይመርጣል። ልጁን ይዘውት ይምጡና ይቀመጥበት። ሳይቀመጥበት እኔ ራሴ አልሸጥልዎትም።»

ጋሼ ዱጉማ ኪሳቸውን ፈተሹና ጥቅል ሜትር አወጡ።

«የውስጥ እግሩ ሰባ ስምንት ነው» አሉ። «ሱሪውን ሁሉ እኔ ነኝ የሰፋሁት።» ተንበርክከው ከመሬት እስከ ላይኛው ብረት ለኩ። «ሰባ አንድ። ቆሞ ሲያርፍበት አራት ጣት ይተርፈዋል። ልኩ ነው።»

ቸኮል ሰባ ስምንት ሲሰማ ቁመቱ ገና ያላለቀ ጎረምሳ ታየው መሰለኝ። ለደንበኛው አስቦ፣ በቅን ልቡ ነው የተናገረው፦ «እንደሱ ከሆነ ከፍ ያለውን ይውሰዱለት፣ ዋጋቸው አንድ ነው። ልጅ አይደል? ያድግበታል። በዓመቱ ይሄ ሲያጥረው ተመልሰው ሊመጡ ነው?»

«አያድግም» አሉ ጋሼ ዱጉማ።

ሜትሩን ቀስ ብለው ጠቀለሉት። ዶርቃ ስልክ የተደወለላት አስመስላ ወጣች፤ ስልኳ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ዋጋው ሠላሳ አምስት ሺህ ነው አለ ቸኮል። ሠላሳ ሁለት አለን አልን። እናቴን አለ። ሠላሳ ሁለት አለን አልን። በመጨረሻ ደወሉንና መቆሚያውን ነቅሎ አስቀረና ሸጠልን። ስለዚህ ብስክሌቱ በራሱ አይቆምም፤ ወይ ግድግዳ ይፈልጋል ወይ ሰው። ጋሼ ዱጉማ ኮርቻውን በሜትር ለክተው አሳሰሩና መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እኔ ልንዳልዎት ጋሼ? በዶርቃ ብስክሌት ለምጃለሁ፤ ቶሎ አደርሰዋለሁ» አልኩ።

«አይሆንም። ኮርቻው ለእሱ ነው የታሰረው።»

ከሀይሌ ጋርመንት ላፍቶ ድረስ በእግራቸው እየገፉ ሄዱ፤ እኛ ከኋላ። ሚኒባስ በሚጠብቀው ሰልፍ መካከል ሲያልፉ ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። አንዱ ወያላ «አባቴ፣ ይውጡበት እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ዞር ብለውም አላዩት።

ሳሎን ውስጥ፣ ኢሉ ይተኛበት የነበረው ሶፋ ላይ አስደገፉት። አቧራ እንዳይነካው ከጥቁር ሱሪ ጨርቅ ልብስ ሰፉለት፤ ለመሪው እጅጌ አለው፣ ለኮርቻው ኪስ አለው። ቀሪዎቹን ሁለት ወራት አንድም ቀን ሳያሳልፉ ከፈሉ። ሰባተኛው ዕጣ ለሚሳኤል ወጣ። የመጨረሻው ዕጣ የኔ ሆነና ያንኑ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለውን ቀዩን ገዛሁ፤ በሠላሳ ሁለት ሺህ ብር ሌላ አይገኝም። ይከብዳል። ጉልበትን ነው የሚበላው። ፉሪን እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ ከኮርቻው ሳልወርድ ጨርሼው አላውቅም።

እቁቡ አልቆ አዲስ ዙር ስንጀምር የብስክሌት ነገር ሰልችቶን ነበር። ሚሳኤል ላፕቶፕ፣ ዶርቃ የልብስ ማጠቢያ ማሽን እንደሚገዙ ተናገሩ። ስለዚህ ደንቡን አሻሽዬ መዝገቡ ላይ «ዓላማ» የሚል ዓምድ ጨመርኩ። ስም እየጻፍኩ ሳለሁ ጋሼ ዱጉማ ከነኮታቸው ገቡና ኢሉ ይቀመጥባት የነበረችውን የግድግዳ ጥግ ወንበር ስበው ተቀመጡ። በላስቲክ የታሰረውን ብር መዝገቡ ላይ አኖሩ።

«ኢሉ ዱጉማ ብለህ ጻፍ።»

ጻፍኩ። እስክሪብቶው «ዓላማ» ላይ ደርሶ ቆመ።

«ጋሼ… ብስክሌቱ እኮ ተገዝቷል። አሁን ለምን ብዬ ልጻፍ?»

ዶርቃ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

«ባዶውን ተወው።»

«ደንቡ ባዶ አይፈቅድም ጋሼ። አንድ ቃል ቢሆን እንኳ፣ ምክንያቱን…»

ጋሼ ዱጉማ ብሩን በአንድ ጣት ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«አላስረዳም» አሉ።