ቬንዴል ባቺ ኩሬው ውስጥ የጨመራቸው ዓሦች

ሻሮልታ የመጀመሪያውን ወጥመድ ስትጎትት ክብደቱ አስደነገጣት። ስድስት ዓመት በዚህ ኩሬ ዳር የኖረች ሴት ናት፤ ባዶ ወጥመድ ስንት እንደሚመዝን ክንዷ በቃሉ ያውቀዋል። ይሄኛው ባዶ አልነበረም። አሥራ አንድ የአሙር ዓሦች ተደራርበው፣ አፋቸውን እየከፈቱና እየዘጉ፣ በገዛ ቤታቸው የተቀመጡ ይመስል ተንደላቅቀዋል።

“ይሄ ነው ጠፋ የተባለው ዓሣ?” አሉ ወይዘሮ ኤመሼ ከኋላዋ። ወይዘሮዋ ከቡዳፔስት የመጣው ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ በጀልባዋ ውስጥ ጫማቸው እንዳይረጥብ እግራቸውን አንስተው ነበር የተቀመጡት።

ሻሮልታ ከአፏ ሊወጣ የነበረውን እርግማን ዋጠችው።

አሙር ከሩቅ ምሥራቅ መጥቶ የቲሳን ወንዝ ዳርቻ የወረረ ዓሣ ነው። ቁመቱ መዳፍ ቢያህል ነው፤ ሆዱ ግን የሰርገኛ ነው። ክረምቱን ከበረዶው ጋር አብሮ ይጋገርና በረዶው ሲቀልጥ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ቁርስ ይጠይቃል። አንዱ አሙር ቦት ጫማ ውስጥ ገብቶ ሁለት ሳምንት ከባለጫማው ጋር ገበያ ሲመላለስ ከርሟል ብለው የመንደሩ ሰዎች ይምላሉ። ሻሮልታ ይሄን አታምንም። ዐሥር ቀን ቢሏት ግን ታስብበት ነበር።

ይሄ ሆዳም የረግረጉን ተወላጅ ፖጽን ጨረሰ። ፖጽ ጣት የምታህል ቡናማ ዓሣ ናት፤ በዚያ ወረዳ የቀሩት ሻሮልታ በገንዳ ያረባቻቸው ሁለት መቶዎቹ ብቻ ናቸው። ስምምነቱ ግልጽ ነው። ኩሬው ሦስት ጸደይ በተከታታይ ከአሙር ነጻ ሆኖ ከተገኘ ኮሚቴው ይፈርማል፣ ፖጾቹም ይገባሉ። ካልሆነ ኩሬው ለአጥማጆች ማኅበር ይሰጥና ካርፕ የሚባል የገበያ ዓሣ ይረባበታል፤ ፖጾቹም መድረሻ ያጣሉ። ሁለቱ ጸደይ በሰላም አልፈዋል። ሦስተኛው ዛሬ ነበር።

አንዱን አሙር አንስታ በጀልባዋ መቀመጫ ላይ ሆዱን ቀደደችው። ከሆዱ የወጣው ትል አይደለም፤ የፖፒ አበባ ጥቁር ፍሬ የተነሰነሰበት ፓስታ ነው። ሁለተኛውን ቀደደች። ፓስታ። ሦስተኛው ስኳርም ሳይጨመርለት አልቀረም።

በቲሳ ዳር በፖፒ ፓስታ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው አንድ ብቻ ነው።

“ቬንዴል ባቺ!” ጩኸቷ ዳክዬዎቹን አስነሳ።

በመንደሩ ሁሉ ባቺ፣ ማለትም አጎቴ፣ የሚባለው ሽማግሌ ከጎረቤቶቹ ጋር ዳር ላይ ቆሞ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ አውለበለበላት። “አቤት ዶክተርዬ! ደስ አለሽ?”

“እርስዎ ነዎት እነዚህን የጨመሩት?”

“ታዲያ ማን ይጨምርልሽ? ትናንት በቴርካ ኔኒ መጠጥ ቤት ‘አሙሩ አለቀ፣ የእኔም ሥራ አለቀ፣ ወደ ሌላ ቦታ ይልኩኛል’ አላልሽም? ዝም ብለን እንሸኝሽ? ከቦዩ አጥምጄ፣ እንዳይርባቸው አብልቼ አመጣሁልሽ።”

“ስድስት ዓመት ነው እነሱን ሳጠፋ የኖርኩት!”

“እሱማ ተሳስተሻል፤ ለእንጀራሽ ስንል ዝም አልን እንጂ። አንቺ ብትሄጂ የጡረታ ደብዳቤያችንን ማን ያነብልናል? አሳማዬንስ ማን ያይልኛል?”

“እኔ የዓሣ ተመራማሪ ነኝ!”

“አሳማዬ ቅር ብሎት አያውቅም።”

ዳር የቆሙት ሳቁ። ሻሮልታ መቅዘፊያውን ጨብጣ ለአፍታ ክፉ ነገር አሰበች።

ወይዘሮ ኤመሼ ግን የተቀደደውን ሆድ አዩ፤ ሽማግሌውንም አዩ። “ትናንት የገቡ ከሆኑ እንቁላል አልጣሉም” አሉ። “የገቡት በሙሉ ከወጡ እፈርማለሁ። አባት፣ ስንት ነበሩ?”

ቬንዴል ባቺ ዙሪያውን ቃኘ። ስድስት አጥማጆች እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። ደረቱን ነፋ።

“ሁለት መቶ” አለ።

ሻሮልታ ጀልባዋ ውስጥ ቁጭ አለች። በዚያ መንደር የዓሣውን ቁጥር እንዳለ የሚናገር አጥማጅ የለም። ጨዋ የሚባለው እጥፍ ብቻ የሚያደርገው ነው። ይሄን ለኮሚቴ እንዴት አድርጋ ታስረዳ? “የዓይን ምስክሬ ውሸታም ነው” ተብሎ በየትኛው ሪፖርት ይጻፋል?

እስከ እኩለ ቀን ዓሦቹን በኤሌክትሪክ እያደነዘዘች ኩሬውን ጥግ ለጥግ አሰሰችው። ሌላ ዐሥራ ሁለት አሙር ያዘች። ከዚያ በኋላ ምንም። ሁለት ጊዜ ደገመችው፤ ምንም። ሃያ ሦስት ዓሣ በባልዲ ይዛ፣ ጭቃ በቅንድቧ ላይ ደርቆ፣ ኮሚቴው የዓሣ ሾርባ ወደሚበላበት መጠጥ ቤት ገባች። ቬንዴል ባቺም እዚያው ነው። ቁጥሩ እዚያ ሦስት መቶ ደርሷል።

ሻሮልታ ቁራጭ ወረቀት ላይ ያወጣችውን የዓሣ ቁጥር ጻፈች፤ ሽማግሌው እንዳያየው አጥፋ ለወይዘሮ ኤመሼ ሰጠች። ሁለቱ ቁጥሮች ከገጠሙ ኮሚቴው ይፈርማል። ከዚያ ከሽማግሌው ፊት ቆመች።

“ስንት ነበሩ?”

“እኔ እንጃ፣ መቶ ሃምሳ...”

“ቬንዴል ባቺ። ፖጾቼ ሊያልቁ ነው። ስንት?”

“ሰማንያ ቢሆን ነው።”

“ኧረ ሰማንያ!” አለ ከጥግ አንዱ አጥማጅ። “ጠዋት ሁለት መቶ አላልክም?”

“አንተ ዝም በል!” ብላ ሻሮልታ ጮኸችበት። ወደ ሽማግሌው ስትመለስ አክብሮቷ ተሟጦ ነበር። “ስንት ጨመርክ? እውነቱን ንገረኝ!”

ስድስት ዓመት ሙሉ አንተ ብላው አታውቅም። ቬንዴል ባቺ የብርጭቆውን አፍ ዙሪያ በጣቱ ዳሰሰ። ቴርካ ኔኒ ጭልፋዋን እንደያዘች ቀረች። አጥማጅ በአጥማጆች ፊት ቁጥር መቀነሱ ሱሪውን ከማውለቅ አይሻልም፤ እሱ ግን ጀመረ። “አርባ” አለ። ቀጥሎ “ሠላሳ”። ቀጥሎ ጆሮው ቀላና፣

“ሃያ አራት። አንድ በአንድ ነው የለቀቅኳቸው፣ እንዳይጎዱ። ሃያ አራት። ጨረስኩ” አለ።

የሳቀ የለም። ወይዘሮ ኤመሼ ወረቀቱን ገለጡ።

“ሃያ ሦስት” ብለው አነበቡ።

“አንዷን የቴርካ ድመት በልታት ይሆናላ!” አለ ቬንዴል ባቺ ቶሎ ብሎ።

“ድመቴን አትንካ!”

ወይዘሮዋ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። “ሰውየውን አምኜዋለሁ” አሉ። “ስለዚህ አንድ አሙር ኩሬው ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። አልፈርምም። ለማኅበሩም አልሰጠውም። አንድ ዓመት ጨምሬያለሁ፤ ፈልጊው።”

ሻሮልታ ሳቅም ለቅሶም አልመጣላትም። ውሸታሙ በዕድሜው አንዴ እውነት ተናገረ፤ እሱንም ዛሬ! ሃያ ሦስት ቢል ምን ነበረበት? ሌላ ዓመት ሙሉ ጭቃ፣ ትንኝ፣ መዳፍ ለሚያህል አንድ ዓሣ። ፖጾቹም ሌላ ዓመት በገንዳ።

“ስለዚህ...” አለ ቬንዴል ባቺ ቀስ ብሎ፣ “አትሄጂም ማለት ነው?”

“ነገ ጎህ ሲቀድ ጀልባው ጋ ይምጡ። አንድ ዓመት ወጥመድ የሚጎትቱት እርስዎ ነዎት።”

የሽማግሌው ፊት በራ። “ምን ይዤ ልምጣ?”

“ምንም!” አለች ሻሮልታ ባልዲዋን እያነሳች። “ፓስታም፣ ባልዲም፣ ምንም! ኪስዎን ፈትሼ ነው የማስገባዎት!”