የገበታው ግራ ወገን

አባ ወልደ ጻድቅ ለተሥላሴን መስቀል ሳያሳልሟት ሲያልፉ ይህ ሁለተኛው እሑድ ነበር። በመጀመሪያው እሑድ “ገና ከሕመማቸው አላገገሙም” ብላ ራሷን አጽናናች። አሁንስ ምን ብላ ትጽናና? አባ ከታመሙ ወዲህ ቅዳሴውን ለሌሎች ካህናት ቢተዉም ማሳለሙን አልተዉም። በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ወንዱን በቀኛቸው፣ ሴቱን በግራቸው አድርገው ይቆማሉ። ለተሥላሴ እንደ ልማዷ ከሴቶቹ ጫፍ፣ ከወይራው ሥር አጎንብሳ ጠበቀች። ሌሎቹ ሴቶች “አባቴ ይባርኩኝ!” እያሉ ፊታቸው ድረስ ተጋፍተው ተሳለሙ። መጋፋት ደግሞ ለተሥላሴ አይሆንላትም። መስቀሉ መጣ መጣና እሷ ጋ ሳይደርስ ተመለሰ።

“አንቺ፣ ምን አጥፍተሽ ነው?” አለቻት ጎረቤቷ ፀጋ፣ እንደ ቀልድ አድርጋ። ፀጋ ቀልድ ስታውቅ ነው!

ምን እንዳጠፋች የሚያውቁት እሷና የነፍስ አባቷ ብቻ ናቸው። አማቷን እማማ ሠርካለምን መጋኛ መትቶ ከጣላቸው ጀምሮ እስኪሞቱ ያስታመመቻቸው ለተሥላሴ ናት። ማጠቡና ማንሳቱ አልከበዳትም። የከበዳት ጠባያቸው ነበር። ምግብ ስታቀርብላቸው ግማሹን ይበሉና፣ ሌላው ግማሽ እፊታቸው ተቀምጦ “አለቀ፣ ጨምሪልኝ” ይላሉ። “ይኸው እኮ እማማ” ስትላቸው “የቱ? በረኀብ ልትጨርሺኝ ነው?” ብለው ይቆጣሉ። ለጠያቂው ሁሉ “ምራቴ ታስርበኛለች” ይላሉ። ካሤ፣ ባሏ፣ በእናቱ እያፈረ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። አንድ ቀን ታዲያ ለተሥላሴ ሆዷ ሲሞላ “ምነው ሞተው ባረፍኩ!” ብላ አጉተመተመች። ብዙም አልቆዩ፣ ሞቱ። ይህንን ለአባ አልቅሳ ተናዛለች፤ እሳቸውም ስግደት ሰጥተው “እግዚአብሔር ይፍታሽ” ብለዋት ነበር።

እንግዲያ ያ “ይፍታሽ” ተመለሰ ማለት ነው? የአማቷ ተዝካር ደግሞ ደርሷል፤ ጌሾው ተወቅጧል። የነፍስ አባቷ መስቀል የነሷት ሴት በየትኛው ፊቷ ካህናት ታስተናግዳለች? እህል አልወርድ አላት። በመጨረሻ “ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ” ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አባ ቤት ወጣች።

አባ ምሳ ቀርቦላቸው ይበላሉ። ባለቤታቸው እናትነሽ “ግቢ፣ ግቢ” ብላ በርጩማ ሰጠቻት፤ በርጩማው የነበረው በአባ ግራ በኩል ነው።

“እንደምን ዋሉ አባቴ?”

አባ ፊታቸውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግድግዳው አዞሩ። “የሰው ድምፅ ሰማሁ ልበል?” አሉና ወደ መብላታቸው ተመለሱ።

ከዚህ በላይ ምን ይጠበቃል? ለተሥላሴ ልትወጣ ብድግ ስትል አባ ጣታቸውን አራግፈው፣ “እናትነሽ፣ አለቀ እኮ። ጨምሪልኝ” አሉ።

የእንጀራው ግራ ወገን ከነሽሮው አልተነካም።

“ይኸው እፊትዎ አይደል?” አለች እናትነሽ ደክሟት። ወደ ለተሥላሴ ጠጋ ብላም “ከወደቁ ወዲህ እንዲህ ያደርቁኛል” ስትል ሹክ አለቻት።

ለተሥላሴ የሰማችው የእማማ ሠርካለምን ድምፅ ነው። ቃል በቃል ያው ነው። እማማ ሊያናድዷት ነበር እንበል፤ አባ ግን ሚስታቸውን የሚያናድዱ ሰው አይደሉም። እጇ ከሐሳቧ ቀደመና በቀኛቸው ዞራ ትሪውን ይዛ አዞረችው። ግራ የነበረው ቀኝ ሆነ።

“እሰይ!” አሉ አባ። “ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?” ቀና ሲሉ በቀኛቸው የቆመችውን ሴት አዩ። “ለተሥላሴ! መቼ ገባሽ? ሁለት እሑድ ሙሉ ከወይራው ሥር ባጣሁሽ ጊዜ ታማ ይሆን ብዬ ስጨነቅ ሰነበትኩ!”

መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው ግንባሯን ነኩበት። እሷም ተንሰቅስቃ አለቀሰች፤ እናትነሽም ነገሩ ሳይገባት አብራ አለቀሰች።

ለተሥላሴ የትሪውን ነገር አስረድታቸው በማግሥቱ ሦስቱም ሰቆጣ ከተማ ወርደው ሐኪም ቤት ገቡ። ዶክተር ትንሣኤ፣ ገና ወጣት ሴት፣ ለአባ ወረቀት ሰጥታ ቤተ ክርስቲያን እንዲሥሉ ጠየቀቻቸው። አባ ተጠንቅቀው ሣሉ፤ ጣሪያውም፣ በሩም፣ ጉልላቱም የቀኝ ግማሹ ብቻ ነው። “ጨረስኩ” አሉ ደስ ብሏቸው።

“ዓይኔ እኮ ጤነኛ ነው ልጄ። ወዲያ ማዶ ያለችውን ፍየል እለያለሁ።”

“ዓይንዎ ጤነኛ ነው አባቴ። ግን ዓይን መልእክተኛ ነው፤ ብርሃኑን ተቀብሎ ያደርሳል እንጂ አይፈርድም። ይሄ ፍየል ነው፣ ይሄ ሰው ነው ብሎ የሚያየው አንጎል ነው። ከሁለቱም ዓይን፣ በግራ በኩል ያለው ነገር ወሬ ተሰብስቦ የሚሄደው ወደ ቀኙ አንጎል ነው። ሲወድቁ የእርስዎ ደም ሥር የተዘጋው እዚያ ላይ ነው። መልእክቱ ይላካል፤ ተቀባይ የለም።”

“ታዲያ ግራው አይጨልምብኝም?”

“ቢጨልም ያውቁት ነበር። ‘ጎደለ’ ብሎ የሚነግርዎት ክፍል ራሱ ነው የተጎዳው። ስለዚህ ግማሹ ዓለም ሙሉ ይመስልዎታል።”

አባ ትንሽ አሰቡና “ልብ ካላየ ዓይን አያይም ያሉት አባቶች ይህን ነው ለካ” አሉ።

ዶክተሯ ሳቀች። አንጎል እንደ ተማሪ መሆኑን፣ ቢዘገይም መማሩን ነገረቻቸው። በዳዊታቸው ግራ ዳር ቀይ ክር እንዲሰፋ፣ ክሩን እስኪያገኙ ድረስ አንገታቸውን ወደ ግራ ሳያዞሩ መስመር እንዳይጀምሩ አዘዘች። በማዕድም፣ በመንገድም እንደዚያው።

ሊወጡ ሲሉ ለተሥላሴ በሩ ላይ ቆመች። “ዶክተር፣ እንዲህ የሆነ ሰው እንጀራው እፊቱ እያለ ጨምሩልኝ ቢል፣ ንቆ አይደለም?”

“አይደለም እናቴ። ለእሱ እንጀራው የለም። በእውነት ርቦት ነው።”

በመልሱ መንገድ ለተሥላሴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ሄደች። አባ ገባቸው፤ ግን በሚስታቸው ፊት የኑዛዜ ነገር አይነሣምና አጠገቧ ሄዱ።

የተዝካሩ ቀን ዳሱ ሞላ። ጠላው ሲደጋገም ፀጋ አላስችላት አለና “ይህን ሁሉ ድግስ ለእማማ ሠርካለም! ‘ምራቴ ታስርበኛለች’ እያሉ ስምሽን ሲያጠፉ ለኖሩት?” አለች። ካሤ እንደ ድሮው አንገቱን ደፋ።

ለተሥላሴ ሌማቱን አስቀመጠች። ሰው ሁሉ እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አደረገች። “እማማ አልዋሹም። ርቧቸው ነበር። በሽታው ግራቸውን ወስዶባቸው ግማሹ እንጀራ አይታያቸውም ነበር። እኔ ትሪውን ማዞር አላወቅኩም እንጂ እሳቸው ክፉ ሰው አልነበሩም።”

ካሤ ቀና አለ፤ “እናቴ!” ብሎ ያለ ሐፍረት አለቀሰ።

አባ ወልደ ጻድቅ ከቀሳውስቱ መካከል ተነሡ። ድምፁ የመጣው ከግራ ነው። አንገታቸውን ወደ ግራ ማዞር ጀመሩ፤ የጠፋች ዶሮ እንደሚፈልግ ሰው ቀስ እያሉ፣ የዳሱን ምሰሶ፣ ጋኑን፣ ሴቶቹን አልፈው አሁንም አዞሩ። ማንም አላገዛቸውም። ለተሥላሴም ወደ ቀኛቸው ልዙርላቸው አላለችም፤ ባለችበት አጎንብሳ ጠበቀች።

“አገኘሁሽ” አሉና መስቀሉን ዘረጉላት።