በየአምስት ሰከንዱ የሚያንኳኳው

ዙቤዳ ከጎባ ሮቤ በሚኒባስ እየተመላለሰች በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ መሥራት ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። በደብዳቤ ላይ «የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ባለሙያ» ናት፤ ግቢው ውስጥ ግን «የኮምፒውተሯ ልጅ» ይሏታል። እስከ ሚያዝያ ድረስ በክፍሉ ሁለት ነበሩ። ሌላው ዳግማዊ ነው፤ የዩኒየኑን ዌብሳይት ከባዶ ተነሥቶ የሠራው እሱ ነበር። ከሥራ አስኪያጁ ከአቶ አያሌው ጋር በዕድገት ጉዳይ ተጋጨና የቢሮ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ ወጣ፤ ጎባ ላይም የኮምፒውተር ጥገና ቤት ከፈተ።

የዚያ ዓመት የቦና፣ ማለትም በክረምት የሚዘራው፣ ስንዴ ምርጥ ዘር በስልክ እንዲመዘገብ ተወሰነ። ዘሩ ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነው፤ ቀድሞ የተመዘገበ ቀድሞ ይወስዳል። ገበሬው እንደ ወትሮው ሮቤ ድረስ መጥቶ በዝናብ ሁለት ቀን ከሚሰለፍ፣ ቤቱ ሆኖ ስሙን ይሙላ ተባለ።

ምዝገባው ሐምሌ መግቢያ ላይ፣ ሰኞ ጧት ሦስት ሰዓት ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ሰላም ነበሩ። ከሲናና፣ ከአጋርፋ፣ ከዲንሾ ወረዳዎች ስሞች ተከታትለው ገቡ። ከዚያ ሳይቱ መንቀራፈፍ ጀመረ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አንድ ገጽ ለመክፈት አርባ ሰከንድ ይፈጅ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ገጹ ጭራሽ ነጭ ሆኖ ቀረ።

ዙቤዳ ሰርቨሩን አጥፍታ አስነሣችው። አራት ደቂቃ ሠርቶ ተመልሶ ተዘረረ። ባንድ ጊዜ የሚያስተናግደውን ሰው ብዛት ከፍ አደረገችው፤ ይባስ ብሎ ተጨናነቀ። በሩን አሰፋችው እንጂ ውስጥ ያለው መዝገብ ያው አንድ ስለሆነ፣ የገባው ሁሉ እሱ ላይ ተደራረበ።

አቶ አያሌው መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ሦስት ወር ሙሉ ተዘጋጅተናል ስትይኝ አልነበረም?»

«ተዘጋጅተን ነበር፣ አቶ አያሌው። ይህን ያህል ሰው ባንዴ ይመጣል ብዬ ግን...»

«ሰው ነው ወይስ ሌላ ነገር?» ዓይናቸውን አጠበቡ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይላል ያገሬ ሰው።»

እሳቸው ሲሄዱ ቃላቸው ክፍሉ ውስጥ ቀረ። ዙቤዳ ሰርቨሩ ማን መጥቶ ምን እንደ ጠየቀ የሚጽፍበትን ማስታወሻ ከፈተች። እስካሁን ያልከፈተችው ጊዜ አጥታ ነበር። ወደ ታች እያወረደች ስታነብ እጇ ቆመ። ከጠያቂው እጅግ የሚበዛው ከስድስት የኢንተርኔት አድራሻዎች ብቻ ነው የሚመጣው። ከአንዱ አድራሻ ብቻ በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ! ሁሉም የሚጠይቁት ያንኑ አንድ ገጽ ነው፤ የቀረውን ዘር መጠን የሚያሳየውን። ተራ በተራ ስታያቸውም ጥያቄዎቹ በየአምስት ሰከንዱ ይመላለሳሉ። አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት።

ሰው እንዲህ አያንኳኳም፤ ሰው ይዘገያል፣ ይሰለቻል፣ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል። ይህ የማሽን ሥራ ነው። አንድ ሰው ሆን ብሎ ያሰማራው ማሽን።

ስልኳ ጮኸ። ዳግማዊ ነው።

«ዙቢ፣ እንዴት ነሽ? ሳይቱ ከበዳችሁ አይደል?»

«ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል፣ እያየሁት እኮ ነው። ከፈለግሽ ልግባና ልየው።»

«በምን ትገባለህ?»

«በድሮው መግቢያ ስሜ ነዋ፣ ካልዘጋችሁት።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ወዲያው የተጠቃሚዎቹን ዝርዝር አወጣች። የዳግማዊ ስም አልተዘጋም። መጨረሻ የገባው ከስምንት ቀን በፊት፣ እሑድ ከሰዓት፤ ከጎባ።  ከወጣ ሦስት ወር የሆነው ሰው ምዝገባው ሊከፈት ሲል ምን ሊሠራ ገባ?

ቀና ስትል አቶ አያሌው እንደገና በሩ ላይ ናቸው።

«ማን ነው የደወለው?»

«ዳግማዊ ነው።»

«ይህን ጊዜ? ዛሬ?» ቀረብ አሉ። «ለነገሩ አንቺና እሱ ምሳ እንኳ ተለያይታችሁ አትበሉም ነበር። እስካሁን ትደዋወላላችሁ ማለት ነው?»

ጥርጣሬው ዞሮ ወደ ራሷ ሲመጣ ታወቃት። ያኔ ነው አፏ የቀደማት። ስድስቱን አድራሻዎች አሳየቻቸው፤ የእሑዱንም መግቢያ አሳየቻቸው። «እሱ ነው ማለቴ አይደለም» ብላ ጀምራ ነበር፤ አልጨረሰችውም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አቶ አያሌው ስልካቸውን አውጥተው ወደ ኮሪደሩ ሄደው ነበር።

ስድስቱን አድራሻዎች ዘጋቻቸው። የሰርቨሩ ጫና ባንዴ ወረደ፤ ገጹ ወለል ብሎ ተከፈተ። ከጎን ቢሮ የሒሳብ ሠራተኛዋ ፈለቀች መጥታ «ጎሽ!» ብላ ትከሻዋን መታ አደረገቻት። ዙቤዳም ትንሽ ደስ አላት። ስድስት ሰዓት ላይ ግን የተመዝጋቢዎቹን ቁጥር ስታይ በግማሽ ሰዓት የገቡት አሥራ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ምሳ ሰዓት ስለሆነ ነው አለች። ሰባት ሰዓትም ሆነ፤ ቁጥሩ ያው ነው። ጧት ያን ያህል የተጋፋ ሕዝብ የት ገባ?

በዚያው ሰዓት ጎባ ላይ፣ ደንበኞች ቆመው እያዩ፣ የዳግማዊ ሁለት ኮምፒውተሮች በፖሊስ መኪና ተጫኑ። እሱም አብሮ ተጫነ። ይህን ያበሠሯት አቶ አያሌው ራሳቸው ናቸው፤ ፊታቸው በርቶ ነበር።

ስምንት ሰዓት ግድም በር ላይ ጫጫታ ተሰማ። ጥበቃው ዳቢሴ አንድ ሽማግሌ ይዞ ገባ። ሐጂ ከሊል የሚባሉ የሲናና ገበሬ ናቸው፤ ካፖርታቸው በዝናብ ርሷል፣ ጫማቸው ጭቃ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም። አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልሽ፣ ልጄ?»

«ወአለይኩሙ ሰላም፣ ሐጂ። ይቀመጡ።»

«ልቀመጥ አልመጣሁም። ጧት ስልኬ ላይ ገጻችሁ ብልጭ ድርግም እያለ ዋለ። አሁን ደግሞ አይፈቀድልህም ይለኛል። ምን አጥፍቼ ነው የማይፈቀድልኝ? መንደራችን ሁሉ እንዲሁ ነው። ዘሩን ለዘመድ አድላችሁት ከሆነ ንገሩንና ሥራችንን እንሥራ።»

ስልካቸውን ተቀበለች። ወደ ኢንተርኔት በምን አድራሻ እንደሚወጣ አየችው። ከስድስቱ አንዱ ነው።

ለአፍታ ሽማግሌውን አፍጥጣ አየቻቸው፤ ጥርጣሬ እንዲህ ነው፣ አንዴ ከጀመረ ሐጂን እንኳ አይምርም። ከዚያ ትምህርት ቤት የተማረችው፣ ጠንቅቃም የምታውቀው ነገር ትዝ አላት። የሞባይል ኢንተርኔት እልፍ ስልኮችን በጥቂት አድራሻዎች ጠቅልሎ ነው የሚያወጣቸው። ስድስት አጥቂ አልነበረም። በሲናና፣ በዲንሾ፣ በአጋርፋ ገበሬዎች ላይ ነው በሩን የዘጋችው።

«አምስት ሰከንዱስ?» አለች ለራሷ።

እገዳውን አነሣችና የሐጂን ስልክ በእጇ እንደያዘች ገጹን ከፈተችው። ጠበቀች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፤ ብልጭ። ገጹ ማንም ሳይነካው ራሱን አደሰ። እንደገና አምስት፤ ብልጭ።

ያ እሑድ ትዝ አላት። ከስምንት ቀን በፊት፣ እሑድ ከሰዓት፣ አቶ አያሌው ቤቷ ደውለው «ከቀረው ዘር እያንዳንዷ ኩንታል ስትቀንስ ሕዝቡ ይይ» ብለዋት ነበር። ጎባ፣ ቤቷ ቁጭ ብላ በአሮጌው ላፕቶፗ አንድ መስመር ኮድ ጨመረች፤ ገጹ በየአምስት ሰከንዱ ራሱን እንዲያድስ። በሦስት ስልክ ሞክራው ሠርቶላታል። ላፕቶፑን ድሮ ያስተካከለላት ዳግማዊ ነው፤ ወደ ሰርቨሩ የሚገባውም በእሱ ስም ነበር። በማን ስም እንደገባች ልብ እንኳ አላለችም። በየአምስት ሰከንዱ የሚያንኳኳው ማሽን እያንዳንዱ ገበሬ ኪስ ውስጥ ነው፤ ያሰማራችውም እሷ ናት። እያንዳንዱ ማንኳኳት ደግሞ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች ያስቆጥር ነበር።

መስመሩን አጠፋችው። ቆጠራውም ለሁሉም በደቂቃ አንዴ ብቻ እንዲሠራ አደረገች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሳይቱ ተነፈሰ። ሐጂ ከሊል ስማቸውን እዚያው ፊቷ ሞሉና «አልሀምዱሊላህ» ብለው ወጡ፤ ዘመድ ስላሉት ነገር ግን ይቅርታ አልጠየቁም።

አቶ አያሌው ቢሮ ገብታ ሁሉንም ነገረቻቸው። 

«ይህን ለማን ተናገርሽ?»

«እስካሁን ለማንም።»

«እንግዲያው ለማንም አትናገሪ። ሰዉ ሁሉ ሌባው ሲያዝ ሳይቱ ተነሣ እያለ ነው። እሱን ሁለት ቀን አስረው ይፈቱታል። አንቺ ግን ተሳስቻለሁ ብለሽ ከፈረምሽ እንጀራሽ ነው የሚዘጋው።»

እውነት ለመናገር አመነታች። ወደ ወንበሯ ተመልሳ ሩብ ሰዓት ያህል ስሞቹ ሲገቡ ስታይ ተቀመጠች። ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ጎባ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባች።

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ዳግማዊ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። መርማሪው ቃሏን ሲጽፍ እሱ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ፈርማ ስትጨርስ ቀና አለ።

«ስህተት ማንም ይሳሳታል፤ እኔ ብሆንም ያን መስመር ልጽፈው እችል ነበር። ግን እማዬን ላስመዘግብ ብዬ ነው ሳይቱን ያየሁት። ልርዳሽ ብዬ ደወልኩ። ለምን ዘጋሽብኝ?»

«ፈርቼ።»

«እኔን?»

«አቶ አያሌውን... አንተንም።»

 ፖሊሶቹ ፈቱትና ኮምፒውተሮቹን አስረከቡት። አንዱን ልያዝልህ ስትለው ራሱን ነቀነቀ፤ ሁለቱንም አቅፎ፣ በየርምጃው እየከበዱት፣ ዝናቡ ውስጥ ወጣ።

ምዝገባው ረቡዕ ተጠናቀቀ። ዙቤዳ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። ዳግማዊ አንድ ወር ያህል ደንበኛ ራቀው፤ እሷ ለምታውቀው ሰው ሁሉ ጥፋቱ የኔ ነው እያለች ብታወራም ወሬው እንደ መጀመሪያው ወሬ ፈጥኖ አልሄደም። መንገድ ላይ ሲገናኙ እጁን ያነሣላታል፤ አይቆምም።

በየካቲት ዩኒየኑ ለቀጣዩ ምዝገባ ሲሰናዳ አቶ አያሌው ሰው ልከው ዳግማዊ መጥቶ እንዲያግዝ ጠየቁት። አልመጣም። በማግሥቱ ግን ዙቤዳ ስልክ ላይ ከእሱ ረጅም መልእክት ገባ። ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ሺህ ሰው እንደገባ አስመስለሽ ሞክሪው ይላል፤ የቱ ጋ መጀመሪያ እንደሚያነክስ እይ፤ የድሮ መግቢያ ስሞችን ዝጊ፣ የኔን ጨምሮ። ሰላምታም ስንብትም የለውም። ዙቤዳ ሁለቴ አነበበችውና ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ስባ፣ መዝጋቱን ከስሙ ጀመረች።