የሸክላው አፈር ሲታጠር

ማንያህልሻል እንግዶቿን ልትቀበል አንድ ቀን ሲቀራት ነው የሸክላው አፈር መታጠሩን የሰማችው።

ጁባ ስትኖር ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሆቴል ውስጥ ተቀጥራ ስትሠራ ቆይታ፣ ከጀበል ኩጁር ተራራ ግርጌ ሸክላ ከሚሠሩ የባሪ ጎሳ ሴቶች ጋር ተስማምታ የራሷን ሥራ ጀመረች። እሷ ጎብኚ ታመጣለች፤ ሴቶቹ ሲሠሩ ያሳያሉ፣ ያስተምራሉ፣ የሠሩትን ይሸጣሉ። ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ ማን ፎቶ እንደሚያነሳ የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ጸጥታው ደፈረሰና ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ጎብኚ ዝር አላለም። ነገ የሚመጡት ስድስት ሰዎች ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ጉብኝቱን ከወደዱት የላካቸው ድርጅት በየወሩ ሰው ሊልክ ነበር።

አፈሩ ከሚቆፈርበት ጅረት ዳር ስትደርስ የሴቶቹ አለቃ ማማ ጆኩዱ ባዶ ሳፋቸውን ደፍተው ተቀምጠውበታል። ከፊታቸው አዲስ የቆርቆሮ አጥር ቆሟል፤ በሩ ላይ ጠመንጃ ያነገተ ዘበኛ አለ።

«ቦታው ተሽጧል» አላት ዘበኛው።

«ማን ሸጠው? እናቶቻቸውም አያቶቻቸውም አፈር የሚወስዱት ከዚህ ነው እኮ!»

«እኔ ምን አውቄ?»

ቀኑን ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተች። አንዱ ወደ ሌላው መራት፤ የመጨረሻው፣ «ማኅተም የያዘው ሰው የለም፣ ሰኞ ነይ» አላት። መኪና ውስጥ ገብታ ስታለቅስ ሹፌር የሆነላት ታናሽ ወንድሟ ሠርፀ ሞተሩን አስነሣና፣

«እታለም፣ ካስተም ገበያ ከኡጋንዳ የመጣ ሸክላ ሞልቷል» አላት። «ፈረንጅ ምኑን ለይቶ ያውቃል?»

ሰደበችው። ግን ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ሸክላዎቹን በማማ ጆኩዱ ግቢ ሲደረድሩ አሮጊቷ አንዱን አነሱና በጣታቸው አንኳኩት። ውስጡን ዳሰሱት።

«ይህን የሠራችው ሴት ግራኝ ናት» አሉ። «ከእኛ መሀል ግራኝ የለችም።»

ማንያህልሻል አቧራው ላይ ተንበረከከች። «ማማ፣ ለዛሬ ብቻ! ዛሬ ካልሆነ ተመልሰው አይመጡም።»

«አውቃለሁ። ግን ሌላ ሴት የደከመችበትን የኔ ነው ልበል?»

ኪደን የምትባለው፣ ልጇን ያዘለችው ወጣት፣ ከጥግ ተነሣች። «ይበሉ እንጂ ማማ! የእርስዎ እውነት ለልጄ ገንፎ ይሆናል?»

ማማ ጆኩዱ ሸክላውን መሬት ላይ መለሱት።

እንግዶቹ መጡ። አሮጊቷ ግቢያቸው ሳያስገቧቸው በቀጥታ ወደ አጥሩ ወሰዷቸውና፣ «አፈራችን ከዚህ ውስጥ ነው። ዛሬ የምናሳያችሁ የለንም። ማፊ፣ ምንም የለም» አሉ በዐረብኛ። ከዚያ ወደ ማንያህልሻል ዞሩ። «ንገሪያቸው።»

ማንያህልሻል እንግዶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ዛሬ የበዓል ቀን ስለሆነ ሥራ የለም ብትል ማን ያውቅባታል? ሠርፀ በዓይኑ ለመናት። እሷ ግን ማማ የተናገሩትን አንድም ሳታስቀር ተረጎመች።

ከእንግዶቹ አንዲቱ አጥሩን ፎቶ ልታነሳ ስልኳን ስታወጣ ዘበኛው ጠመንጃውን አቀባበለ። ሴቶቹ ጮኹ። የቡድኑ መሪ ሰዎቹን እየገፋ መኪና ውስጥ አስገባቸው፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ በቦታው የቀረ እንግዳ አልነበረም። ማታውኑ መልእክት ደረሳት፦ ለጎብኚዎቻችን ደኅንነት ሲባል ፕሮግራሙ ተሰርዟል።

ሰኞ ሄደች። ማኅተም የያዘው ሰው አልመጣም። በሚቀጥለውም ሰኞ አልመጣም።

በሦስተኛው ሳምንት ማማ ጆኩዱን ፍለጋ ስትወጣ ግቢያቸው ባዶ ነበር። ተራራው ላይ አገኘቻቸው። ከኪደንና ከሌሎች አምስት ሴቶች ጋር ለግንባታ የሚሸጥ ድንጋይ በመዶሻ ይፈልጣሉ። ጣቶቻቸውን በጎማ ቁራጭ ጠምጥመዋል፤ አንዱ ጥፍራቸው ጠቁሯል።

«ይቅር ይበሉኝ ማማ» አለች።

«ፀሐይ ላይ አትቁሚ፤ ተቀመጪ» አሏት።

ኪደን ቀና ብላም አላየቻት።

ድንጋይ የሚጭነው መኪና መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ደጋግሞ ሲነፋ ሴቶቹ ወገባቸውን ይዘው ተነሡ። ማንያህልሻልም ቦርሳዋን መሬት ላይ ጥላ፣ ድንጋይ አንሥታ ተከተለቻቸው።