ባሕር የሌለበት መጽሐፍ

ቅዳሜ ከሰዓት ወንድሜ ጸጉር ቤት የምንሰበሰበው ጸጉር ለመቆረጥ አይደለም። እሱ ሱቁን በጊዜ ይዘጋል፣ ወንበሮቹን ወደ መሃል ያዞራል፣ ከዚያ ሰሞኑን ምን እያነበብን እንደሆነ እናወራለን። መጽሐፉ ግን በካኪ ወረቀት ተሸፍኖ ነው የሚመጣው። ርዕሱንም ሆነ የደራሲውን ስም ማንም አያይም። ያመጣው ሰው ትንሽ ያነብልናል፤ የወደደ "ለእኔ!" ይላል፤ ወረቀቱ የሚገለጠው ከዚያ በኋላ ነው። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰው ስም ብቻ ሰምቶ ሲያጨበጭብ ደሜ ይፈላል።

ከሁላችንም የሚደመጡት ጋሽ ምዕራፍ ነበሩ። የሰፈሩ መድኃኒት ቤት የሳቸው ነው። "አንድ ምዕራፍ ልጨምርላችሁ?" ማለት ስለሚያበዙ ይህን ስም ያወጣችላቸው አዋላጇ ጓደኛችን ናት። እሳቸው ያመጡትን መጽሐፍ እንሻማበታለን፤ አንዴ በዚሁ ሰበብ እኔና አዋላጇ ሳምንት ሙሉ ተኳርፈናል።

ያን ቅዳሜ ካኪ ወረቀት አልቆብኝ ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝና መጽሐፌን ለልብስ ቅድ በምጠቀምበት ነጭ ወረቀት ሸፈንኩት። በሰማያዊ እርሳስ የተሳለ የእጅጌ ቅርጽ አለበት። ከሌሎቹ ጋር ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

የጋሽ ምዕራፍ ተራ ደረሰ። እጃቸውን ሰደዱ፣ አንዱን አነሱ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። ታሪኩ የመርከብ ነው። ማዕበል አለ፣ የተቀደደ ሸራ አለ፣ ልጁን ወገቡ ላይ በገመድ ያሰረ አባት አለ። ወንድሜ ሻዩን መጠጣት ረሳ። ሽማግሌው ቦታው ሲደርስ ገጽ ይገልጣሉ፤ ድምፃቸው ከፍ ዝቅ ይላል።

እኔ ግን የማየው እጅጌውን ነው። የያዙት የእኔን መጽሐፍ ነበር። የእኔ መጽሐፍ ደግሞ የሌባና ፖሊስ ታሪክ ነው፤ እንኳን ባሕር ኩሬም የለበትም።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ዛሬስ ሊያሾፉብን ነው አልኩ። ቀና ብዬ ፊታቸውን ሳይ ግን የቀልድ ምልክት የለም። ዓይናቸው ገጹ ላይ ሳይሆን ወደ በሩ ነው።

"ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይቺን መስመር እስቲ ይድገሙልኝ" ብዬ ጣቴን ገጹ ላይ አሳረፍኩ።

"የትኛዋን ልጄ?"

"ጣቴ ያለበትን።"

ገጹን ወደ ፊታቸው አስጠጉ። ከዚያ ስለ ሸራው የሚያወራውን ደገሙልኝ። ጣቴ ያለበት ቦታ "መርማሪው በሩን በእርግጫ በረገደው" ይላል።

ክው አልኩ። እኚህ ሰው አያዩም! ወዲያው ደግሞ ከዚህ የባሰው መጣብኝ። ጠዋት የእናቴን የደም ግፊት መድኃኒት የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። እየቀለዱ ከመደርደሪያ አወረዱልኝ፤ እኔም ሳላየው ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ እናቴ ራስጌ አኖርኩና ወጣሁ። ጋሽ ምዕራፍ የሰጡትን ማን ያያል?

"የእማዬ መድኃኒት!" ብዬ ጮህኩና በሩን በርግጄ ሮጥኩ።

እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ላብ አጥምቋታል። በሞተችው እህቴ ስም ጠራችኝና "ቤቱ ለምንድነው የሚዞረው?" አለችኝ። ካርቶኑን አነሳሁት። የስኳር በሽታ መድኃኒት ነው። እናቴ ግፊት እንጂ ስኳር የለባትም!

ተከትላኝ የሮጠችው አዋላጅ ካርቶኑን ከእጄ ነጥቃ አየችው። "ስኳር በውሃ በጥብጪ! ቶሎ በይ!" አለችኝ። በጥድፊያ ግማሹን ስኳር መሬት ላይ ደፋሁት። እናቴ ተጎነጨች፣ አሁንም ተጎነጨች። ቆይታ በራሴ ስም ጠራችኝና "ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ጥቁር ያልሽው?" አለች። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።

ወንድሜ መኪናውን አምጥቶ ሐኪም ቤት ሊወስዳት ደግፎ ሲያስገባት፣ ጋሽ ምዕራፍ አጥሩን በእጃቸው እየዳበሱ ደረሱ።

"ገዳይ!" አልኳቸው። ሰፈሩ ሁሉ ይስማኝ።

ወደ ድምፄ ቀረቡ። "ካርቶኑ ምን ይላል? አንብቢልኝ" አሉ።

አነበብኩላቸው። ደጃፉ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

"ትናንት መድኃኒት ያመጣው ሰውዬ ነው ያለ ቦታው የደረደረው" አሉ። "እኔ ቦታ ቦታቸውን በእጄ ነው የማውቀው። መጽሐፉንም የልጅ ልጄ ታነብልኛለች፣ በቃሌ ይዤ እመጣለሁ። ሱቁም እናንተም ከቀራችሁብኝ ምን እሆናለሁ ብዬ ነው።"

ልቤ አልራራም። ደግፌ ላነሳቸው እንኳን አልፈለግሁም።

"ካንቺ ቀጥላ" አሉ፣ "የሚያስለው ሕፃን የታቀፈች ሴት መጥታ ነበር። ሽሮፕ ሰጠኋት። ቤቷ ወፍጮ ቤቱ ጎን ነው።"

ወደ መኪናው ዞርኩ። አዋላጇ ከመኪናው ውስጥ "እናትሽን ለእኔ ተዪልኝ! ሂጂ!" ብላ ጮኸችብኝ።

ክንዳቸውን ይዤ እየጎተትኳቸው ሮጥን። ሴትየዋ ማንኪያ በእጇ እንደያዘች ከፈተችልን።

"ውይ ጋሼ! ልጁን ሊጠይቁልኝ መጡ?"

ሰላምታም ሳልሰጣት ገብቼ ጠርሙሱን ከጠረጴዛው ላይ አፈፍ አደረግሁት። "ኧረ ምን ነካሽ!" ስትለኝ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስሙን፣ ለምን እንደሚሰጥ፣ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሆነ አነበብኩት። የሕፃናት የሳል ሽሮፕ ነው።

"ልክ ነው" አልኩ። ጠርሙሱን ወደ ጋሽ ምዕራፍ አስጠጋሁት።

"ድገሚው" አሉ።

ደገምኩት። ሴትየዋ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየች። ማንኪያው ከእጇ ወደቀ።

"ጋሼ... አያዩም እንዴ?"

ጋሽ ምዕራፍ ፊታቸውን ወደ ድምጿ አዞሩ።

"አላይም ልጄ" አሉ። ከዚያ እጄን ፈልገው ያዙኝ። "ቀጥሎ የመጣው ጫማ ሰፊው ነው። ቶሎ ውሰጂኝ።"