አመድ የማይተው በረዶ

አንባቢ ሆይ፣ የሰው ልጅ ረቂቁን ነገር ሲያይ ክብደት የሌለው ይመስለዋል፤ ነገር ግን ግዙፍ ሳይሸከመው የሚመላለስ ረቂቅ፣ ጫንቃ ሳያቆስል የሚደርስ ምሥጢር ከፀሐይ በታች ከቶ አልተገኘም።

ተጠራጣሪና ቀናኢ የነበረው ንጉሥ ሠርጸ ብርሃን፣ ከደጋው ግንብ ወደ ቆላው ግንብ ኅቡእ ቃሉን የሚልክበት ብርሃን ነበረው፤ ይህም ብርሃን በጠበብቱ ብልሃት እስከ ቅንጣት የሳሳ ስለ ነበር፣ ባዕድ ዐይን በመንገድ ቢሰርቀው ወዲያው ተበላሽቶ ሌባውን ያጋልጥ ነበር። ዳሩ ግን ያን ያህል የመነመነ ጮራ የሚቀበለው መስተዋት፣ በበረዶ ካልተከበበ የገዛ ሙቀቱ እያሳሳተው ያልመጣውን መጣ ይላልና፣ በረዶ ተሸካሚዎች ከተራራው ራስ እስከ ቆላው ግንብ ሳያቋርጡ ይወርዱ ነበር።

ንጉሡም ወጪው ቢከብድ መልእክቱን ሊቀንስ፣ ቢቀል ሊያበዛ ወዶ፣ ሊቀ ጠበብት ዘሚካኤል ወጪውን እንዲለካ አዘዘ። በዚያ ቤተ መንግሥት ሥርዓት ወጪ የሚሰፈረው በአመድ ነበር፤ የነደደው ሁሉ አመዱ ተጠርጎ ይመዘናል፣ አመድ ያልተወው እንዳልጠፋ ይቆጠራል። ዘሚካኤል የሥርዓቱን ጉድለት ቢያውቅም፣ አበው ያጸኑትን መስፈሪያ መንካት ለሊቅነቱ ነውር መስሎ ታየው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ የሆነው ታናሽ ወንድሙ ቢሆነኝ፣ ጣቶቹ በውርጭ ጠቁረው፣ ሚዛኑ አጠገብ ቆመ።

«ጋሼ፣ የኔን በረዶ በየትኛው ሳህን አኖርከው?»

«በረዶ አመድ የለውም፤ ሥርዓቱን አንተም ታውቃለህ።»

«እንግዲያስ እኔን አንድደኝና መዝነኝ! ብቻ ጢምህን ከእሳቱ ጠብቅ» ብሎ ቢሆነኝ ሳቀ፤ ሳቁንም ዋጥ አድርጎ፣ «ለጃንሆይ ንገርልን፣ መልእክቱ ይቀነስ፤ ይህን ክረምት አንዘልቀውም» አለ።

ዘሚካኤልም፣ «የምናገረው የመዘንኩትን ነው» ሲል መለሰ።

በጉባኤውም ፊት የአንዱ መልእክት ወጪ ከአንድ ጧፍ አመድ እንደማይበልጥ መሰከረ፤ ንጉሡ ደስ ተሰኝቶ መልእክቱን እጥፍ አደረገ፣ ተሸካሚዎቹም እጥፍ ተሸከሙ፣ ቢሆነኝም ሸክሙን እንዳዘለ በገደሉ አፋፍ በውርጭ ደርቆ ተገኘ። እርሱ በሞተበት ዕለት በቆላው ግንብ የተነበበው ኅቡእ ቃል «እንደ ምን ሰነበታችሁ» የሚል ብቻ ነበር። ሊቁ ማቅ ለብሶ ከዙፋኑ ፊት ወደቀና ምስክርነቱን ያርም ዘንድ ለመነ፤ ንጉሡ ግን፣ «ልኬትህ እንከን የለውም፤ ስለ ምን ታበላሸዋለህ?» ብሎ አሰናበተው፤ በማግስቱም አዲስ ተሸካሚዎች ወደ ተራራው ወጡ። መስፈሪያ የናቀውን ዋጋ፣ ማንም ያልጠየቀው ሰው በነፍሱ ይከፍለዋል።